ስምና ሰም፤ በድረ ገጽ ላይ የፊደል መጠን ከማሽን ማሽን ለምን ይለያያል? እንዴትስ ይስተካከላል?



በተግባር ልምምድ ወቅት እኛ አራት ሠልጣኞች ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ መልመጃ አዘጋጅተን ነበር። መልመጃው በወረቀት ሳይሆን በድረ ገጽ መልክ የተሠራ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ተራ በተራ እየገቡ ሃያ ቃላት ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኛ ደግሞ ትክክሉንና ስሕተቱን በመዝገብ እናሰፍራለን። ማሽኖቹ በእርዳታ የተገኙ ስለሆኑ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም።

አንድ ልጅ ከጥግ ባለው ማሽን ፊት ተቀመጠና «ስም» የሚለውን «ሰም» ብሎ አነበበ። «ብላ» የሚለውን «በላ» አለው። «ቤት» ላይ ሲደርስ «ቢት» አለና ዞር ብሎ አየን። ከሃያው ሰባቱን ሳተ። እኛም «ግዕዝን ከሳድስ፣ ሣልስን ከኃምስ አይለይም፤ ልዩ እገዛ ያስፈልገዋል» ብለን ጻፍን። እንዲህ የተጻፈበት ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም ተማሪ ስለነበርን እናውቀዋለን። ከደካሞቹ ጋር ይመደባል፤ ወላጅ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ማውጣት ይተዋል።

በማግስቱ የጥጉ ማሽን አልነሣ አለና ልጁ ወደ ሌላኛው ተዛወረ። ያንኑ ገጽ ሲያነብ ሃያውንም አንድ ሳይስት ጨረሰ። ከእኛ አንዱ «ትናንት ሸምድዶት ነው» አለ። ቅደም ተከተሉን ቀያይረን አስነበብነው፤ ያው ነው። በኋላ የጥጉ ማሽን ሲነሣ እኛው ራሳችን ጎንበስ ብለን አየነው። እውነትም «ስም»ና «ሰም» አይለዩም! እኛ የምንለያቸው ቃሉ ምን እንደሆነ አስቀድመን ስለምናውቅ ነበር። ልጁ ግን ያየውን ነው ያነበበው።

መዝገቡን አስተካከልን፤ ለክፍሉ መምህርትም ነገሩን አስረዳን። ነገር ግን አንድ ገጽ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንዱ ማሽን የሚነበብና በሌላው የማይነበብ የሆነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ተከትለን ያገኘነውን እነሆ ለሌሎች ሠልጣኞችና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን። (ትእዛዞቹ በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በድምፃቸው አስፍረናቸዋል። አነጋገሩን የለመደ ሰው ይገባዋል።)

የፊደላችን ጠባይ

እንደሚታወቀው የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በቅርንጫፉ ነው። «ለ» በቀኝ እግሯ ግርጌ አጭር ጫማ ብታደርግ «ሊ» ትሆናለች፤ ጫማው በቀለበት ቢተካ «ሌ» ትሆናለች። «በ» ከ«ብ» የምትለየው በጎኗ ባለች ቅንጣት ጭረት ነው። በስክሪን ላይ ፊደል የሚሣለው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ሲሆን፣ ፊደሉ በጠቅላላው ዐሥር ነጥብ ያህል ቁመት ከተሰጠው ለቀለበቷ የሚደርሳት ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ነው። በዚህ ላይ ክብ መሣል አይቻልም። መሐሏ ይደፈንና ቀለበቷ ጫማ ትመስላለች። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ትንሽ ቢሆንም ይነበባል» የሚባለው መጠን ለአማርኛ አይበቃም። ከውጭ የተቀዳ የገጽ አሠራር ይዘን ፊደሉን ብቻ ወደ አማርኛ ስንለውጥ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ያደገ አንባቢ ፊደል ቆጥሮ አያነብም። ቃሉን በፍጥነት ያውቀዋል፤ ፊደሉ ሲደበዝዝበትም የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ያግዘዋል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ገና ሆሄ በሆሄ ነው የሚሄደው፤ ለዚያውም እኛ የሰጠነው ነጠላ ቃል ስለነበር የሚገምትበት ዐረፍተ ነገር እንኳ አልነበረውም።

ስለ መለኪያዎቹ

የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ሲ ኤስ ኤስ የሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሥርዓት የፊደል መጠን በልዩ ልዩ መለኪያ ሊነገር ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ፖይንት፣ ፒክስል፣ ኢምና ሬም ናቸው።

ፖይንት የአታሚዎች መለኪያ ነው። አንድ ኢንች 72 ፖይንት ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ በስክሪን ላይ ግን ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ምክንያቱም በድሮው ጊዜ ማኪንቶሽ አንድን ኢንች 72 ፒክስል ነው ብሎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ ደግሞ 96 ነው ይል ነበር። እንግዲህ እናስላው፦ በዊንዶውስ 12 ፖይንት ማለት 12 ሲባዛ በ96 ሲካፈል ለ72፣ ማለትም 16 ፒክስል ነው። በማኪንቶሽ ግን ያው 12 ፖይንት 12 ፒክስል ሆኖ ይቀራል። በዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ 9 ፖይንት ብሎ የጻፈ ሰው የእሱ ስክሪን 12 ፒክስል ያሳየዋል፤ የማኪንቶሹ አንባቢ ደግሞ 9 ፒክስል ይደርሰውና ዓይኑን ያሻል። በ2000 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 መነሻውን 16 ፒክስል አደረገ። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች፣ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ፣ ሁሉም ምንም ካልተነገራቸው በ16 ይጀምራሉ። በሲ ኤስ ኤስ ደንብም ኢንቹ 96 ፒክስል ሆኖ ጸንቷል። ይኼ ጠብ እንግዲህ አልቋል።

ፒክስል ቁርጥ ያለ መለኪያ ስለሚመስል ጀማሪ ይወደዋል። እኛም ወደነው ነበር። ጉዳቱ ግን አንባቢው የራሱን ምርጫ እንዳይጠቀም ማድረጉ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የጽሑፍ መጠን ማሳደጊያ ነበረው፤ በፒክስል የተጻፈ ጽሑፍ ግን በዚያ ማሳደጊያ ፍንክች አይልም ነበር። ያ ብራውዘር ዛሬ የለም፤ ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚሰጠውን ድጋፍ በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው አቁሟል። የአሁኖቹ ብራውዘሮች ገጹን በሙሉ ስለሚያጎሉ ችግሩ ቀለል ብሏል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በክሮም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የፊደል መጠንን «ትልቅ» ያደረገ ሰው መነሻው 20 ይሆንለታል፤ «በጣም ትልቅ» ያለ ደግሞ 24። በፒክስል የተጻፈ ገጽ ይህን ትእዛዝ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ዓይናቸው የደከመ አንድ መምህራችን የእኛን ገጽ ከፍተው «ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ይተልቅልኛል፤ የእናንተ ለምን እምቢ አለ?» ያሉን በዚህ ምክንያት ነው። አፍረን ዝም አልን፤ ያኔ መልሱን አናውቀውም ነበር።

ኢም አንጻራዊ ነው። አንድ ኢም ማለት «በዙሪያዬ ያለው ጽሑፍ ያህል» ማለት ነው። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ወጥመድ አለው፤ የእኛን ልጅ የጣለውም ይኸው ነው። ሃያውን ቃል በአንድ ስክሪን ለማብቃቃት ስንል ሣጥኑን 0.8 ኢም አልነው። ረስተነው ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዝርዝር እንደገና 0.8 ኢም አልነው። ብራውዘሩ አባዛው፤ 16 ሲባዛ በ0.8 ውጤቱ 12.8 ነው፤ 12.8 እንደገና ሲባዛ በ0.8 ውጤቱ 10.24 ነው። ሦስተኛ ብንደግመው ኖሮ 8.2 ገደማ ይወርድ ነበር። እኛ 0.8 ብለን 12.8 ያገኘን መስሎን ነበር የተቀመጥነው።

ሬም የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሬም ምንጊዜም የሚለካው ከገጹ ሥር ከተነገረው መነሻ ብቻ ነው፤ በመሐል ያለውን ሣጥን አያይም፣ አይባዛም። አንባቢው መነሻውን 20 ካደረገም አብሮ ያድጋል። በበኩላችን ከዚህ በኋላ ለፊደል መጠን ከሬም ሌላ ላንጠቀም ተስማምተናል። አንዳንድ ሰዎች ሒሳቡ እንዲቀልላቸው መነሻውን 62.5 በመቶ ያደርጉታል፤ 16 በዚህ ሲባዛ 10 ይሆናልና። አልወደድነውም። የሆነች አንቀጽ መጠኗ ሳይነገርላት ከተረሳች በ10 ፒክስል ትቀራለችና፣ 10 ፒክስል በአማርኛ ምን እንደሚያደርግ አይተነዋል።

ታዲያ ሁለቱ ማሽኖች ለምን ተለያዩ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ 10.24ቱ በሁሉም ማሽን ላይ 10.24 ነውና። ልዩነቱን ያመጡት ሌሎች ሁለት ምክንያቶች ናቸው።

አንደኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማጉያ ነው። ስክሪናቸው ጥቅጥቅ ያለ አዳዲስ ማሽኖች ሁሉንም ነገር በ125 ወይም በ150 በመቶ አጉልተው ያሳያሉ። እኛ በሠራንበት ላፕቶፕ ማጉያው 150 ስለነበር 10.24ቱ በስክሪኑ ላይ ከ15 በሚበልጡ ነጥቦች ተሣለ፤ ቀለበቶቹም ክብ ሆነው ታዩ። ልጁ በማግስቱ የተቀመጠበት ማሽንም እንደዚያው ነው። የጥጉ ማሽን ግን ማጉያው 100 ነው፤ በዐሥር ነጥብ ብቻ ሣለው።

ሁለተኛው ፎንቱ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ዋናው ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው አንዱ የጻፈው በሌላው ማሽን የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። ዩኒኮድ ፊደሉን አንድ አደረገው፤ መልኩንና ስፋቱን ግን ለፎንቱ ተወው። ፎንቱን ደግሞ የሚያቀርበው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ 7ም በዚያው ቀጠለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት የእኛን ፊደል ጨመረ፤ በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከነጭራሹ ተፈልጎ የሚጫን ተጨማሪ ሆነ። በማክ ኬፋ አለ። በአንድሮይድ ስልክ የምናየው ኖቶ ነው። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይገኛል።

«16» የሚለው ቁጥር የሚለካው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የሚቀመጥበትን ሣጥን ነው። ሣጥኑን ሞልቶ መሣል ወይም በመሐሉ ትንሽ አድርጎ ማስቀመጥ የፎንት ሠሪው ፈንታ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል የሆነ ወረቀት ተሰጥቷቸው አንዱ ፊደሉን ዳር እስከ ዳር፣ ሌላው መሐል ላይ ቢጽፍ ማለት ነው። ኒያላ ቀጭንና ትንሽ ሆኖ የሚታይ ፎንት ነው፤ ኤብሪማ በዚያው ቁጥር ወፈር፣ ሰፋ ብሎ ይታያል። የጥጉ ማሽን ዊንዶውስ 7 ነው፤ ስለዚህም ያሳየው በኒያላ ነው። ትንሽ ቁጥር፣ የሌለ ማጉያ፣ ቀጭን ፎንት፤ ሦስቱ በአንድ ልጅ ላይ ተገናኙ።

በነገራችን ላይ ቁጥሮች ከፊደሎቹ ገዝፈው «2ኛ ክፍል» የሚለው ላይ 2ቷ ብቻዋን ግዙፍ ሆና የምትታይበትን ገጽ ሳታዩ አልቀራችሁም። እሱም ከዚሁ ይመነጫል። ጸሐፊው የፎንት ዝርዝሩን በኤሪያል ሲጀምር ብራውዘሩ ቁጥሯን ከኤሪያል ይወስዳል። የአማርኛ ፊደል በኤሪያል ውስጥ ስለማያገኝ ለእሱ ወደ ኒያላ ይሄዳል። የአማርኛውን ፎንት በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነው። ኒያላም፣ ኤብሪማም፣ አቢሲኒካም በውስጣቸው የላቲን ፊደልና ቁጥር ስላላቸው ሁሉም ከአንድ ቤት ይወጣል።

እንዴት አስተካከልነው?

በመጀመሪያ መጠኑን በሬም አደረግነው። ለተራ ማብራሪያ 1.125 ሬም፣ ማለትም 18፤ ለልጆቹ ንባብ 2 ሬም፣ ማለትም 32። ሃያው ቃል በአንድ ስክሪን አልበቃ አለ። አይብቃ! ወደ ታች ይንከባለላል። በሰሌዳ አጻጻፍ ትምህርት የጠመኔ ፊደል መጠን የሚወሰነው ከመጨረሻው ረድፍ በተቀመጠው ተማሪ እንጂ በሰሌዳው ስፋት አይደለም ተብለን ተምረን የለም?

ቀጥሎ የመስመር ክፍተቱን ወሰንነው። ይህ ካልተነገረ ብራውዘሩ ከፎንቱ ስለሚወስደው ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ የአንዱ መስመር እግር ከታችኛው ራስ ጋር ይጋጫል። 1.7 ብለን ያለ ምንም መለኪያ ቁጥሩን ብቻ ጻፍን። መለኪያ የሌለው ቁጥር ፊደሉ ባደገ ቁጥር ክፍተቱም አብሮ እንዲያድግ ያደርጋል።

ከዚያም የፎንቱን ነገር ያዝን። አንዱ መንገድ ፎንቱን ራሱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ነው። ኖቶና አቢሲኒካ በነፃ የሚሰራጩ ስለሆኑ ይህን የሚከለክል የለም፤ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ፊደል ያያል። ችግሩ ልጆች በወላጅ ስልክ ከቤት ሲከፍቱት የሚከፈለው የዳታ ገንዘብ ነው። በትምህርት ቤት ውስጥ ግን ገጹ ከነፎንቱ እዚያው ባለው ማሽን ላይ ስለሚቀመጥ ወጪ የለውም፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አቢሲኒካን አብረን ጫንን። ፎንቱን ሳይልኩ የሚሠራ ሌላ ዘዴም አለ፤ «ሳይዝ አጀስት» የሚባል ትእዛዝ ነው። «ማሽኑ ኒያላን ከተጠቀመ ኒያላን ብቻ በዚህን ያህል በመቶ አሳድግ» ለማለት ያስችላል። ክሮምና ፋየርፎክስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበሉታል። እኛ ኒያላን 115 በመቶ አድርገን ከኤብሪማ ጎን ስናስተያየው ለዓይናችን ተቀራረበ። ይኼ በዓይን የተለካ ስለሆነ እናንተም በየማሽናችሁ ሞክሩት።

የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም በራስጌው አስታወቅን። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ፋየርፎክስ ግን በማስተካከያው ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ብቻ የተለየ ፎንት፣ የተለየ መጠን፣ እንዲያውም «ከዚህ በታች አትውረድ» የሚል ወለል ይይዛል። ገጹ አማርኛ መሆኑ ካልተነገረው ይህን ማስተካከያ በሥራ ላይ ላያውለው ይችላል። ድረ ገጹን ያልሠራ፣ ክፍሉን ብቻ የሚጠብቅ መምህር እንኳ ማሽኖቹ ላይ ወለሉን 18 ቢያደርግ የሌላውን ሰው ስሕተት ሊያርም ይችላል።

ስለ ስልክም ባጭሩ እንበል። የስልክ ብራውዘር ገጹ ለስልክ መሠራቱ ካልተነገረው ለትልቅ ስክሪን የተሠራ መስሎት በሰፊው ይሥለውና አጥብቦ ያሳየዋል። በአይፎን ያ ስፋት 980 ፒክስል ነው። የስልኩ ስክሪን 375 ቢሆን የእኛ 16 ወደ 6 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። መድኃኒቱ በገጹ ራስጌ የሚገባ «ቪውፖርት» የተባለ አንድ መስመር ሲሆን፣ ስፋቱ የመሣሪያው ስፋት ይሁን ይላል። እግረ መንገዱን ጣት የሚያጎላበትን መንገድ የሚዘጋ ቃል በዚያው መስመር ላይ የሚጨምሩ አሉ። ለምን እንደሆነ አልገባንም። ተማሪው መልስ የሚጽፍበት ሣጥንም ከ16 በታች ከሆነ አይፎን ሣጥኑ ሲነካ ገጹን በድንገት ያጎላዋል፤ ልጁም የነበረበት ይጠፋበታል።

አሁን መልመጃው ተስተካክሎ በተቋማችን የኮምፒዩተር ክፍል ማሽኖች ላይ ተጭኗል። ከመሄዳችን በፊት በልምምድ ትምህርት ቤቱ የጥጉ ማሽን ላይም ሞክረነዋል፤ «ቤት» ቤት ነው። ገና ያላየነው በማክ ላይ በኬፋ ምን እንደሚመስል ነው። ማክ ያለው ሠልጣኝ ወይም መምህር ካለ ገጹን በፍላሽ እንሰጣለንና እባካችሁ ንገሩን። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ «ስም፣ ሰም፣ ብላ፣ በላ፣ ቤት፣ ቢት» የሚሉት ስድስት ቃላት ከጥጉ ማሽን ስክሪን ላይ በአሮጌው መጠን ፎቶ ተነሥተው ተለጥፈዋል። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ተራቸውን ጓደኛ ቀይሮ እየጠቆመላችሁ፣ አንብቧቸው። ስንቱን እንደሳታችሁ ከጎኑ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ጻፉልን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።